ላውንጅ ያዋጣል ወይ ሲሉኝ

ሥራ የጀመርኩት ማክሰኞ ቀን ነው። ከአየር ጤና በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍሬ ሜክሲኮ ወረድኩ፤ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዤ ኤርፖርት ደረስኩ። ፍተሻው ላይ የምሳ ዕቃዬን ከፍተው አዩት። ሽሮ ነበር። ፈታሿ ክዳኑን መልሳ ገጥማ "ደህና ዋይ" ስትለኝ አንገቴን ብቻ ነቅንቄላት አለፍኩ።

የሺፍቱ ሱፐርቫይዘር እትዬ ሮማን በር ላይ ጠበቁኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሴት ናቸው።

"ስምሽ ማነው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው።

"አልሰማሁም።"

ደገምኩላቸው።

"ልጄ፣ ማይክ እናምጣልሽ?" አሉና አንገቴ ላይ ያለውን ባጅ ገልብጠው ራሳቸው አነበቡት። "ምንታምር። በይ ምንታምር፣ ተከተዪኝ።"

ላውንጅ ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። መንገደኛ በረራው እስኪደርስ ከአዳራሹ ሕዝብ ተለይቶ የሚቀመጥበት ክፍል ነው። አንዳንዱ ቦታ ውድ ቲኬት የቆረጠ ብቻ ይገባል። የእኛ ግን ከፍሎ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። ሶፋ አለው፣ ራስን እያነሱ የሚበሉት ምግብ አለው፣ ሰፈር ባኞ ቤት የምንለው ሻወርም አለው። ከሁሉ በላይ ጸጥታ አለው። እኔ ያንን ያህል ጸጥ ያለ ክፍል ከዚያ በፊት ገብቼ አላውቅም ነበር።

እትዬ ሮማን መጀመሪያ ያሳዩኝ ጨርቆቹን ነው። ቀዩ ለሽንት ቤት መቀመጫ፣ ቢጫው ለእጅ መታጠቢያና ለሻወር፣ ሰማያዊው ለጠረጴዛና ለወንበር፣ አረንጓዴው ምግብ ለሚደረደርበት ባንኮኒ። "ቀዩን ጠረጴዛ ላይ ያየሁ ቀን ባጅሽን አስረክበሽ ትሄጃለሽ" አሉኝ። ቀጥሎ ሁለት ባልዲ ያለውን ጋሪ፣ መጭመቂያውን፣ ወለሉ እርጥብ ነው የሚለውን ቢጫ ምልክት አሳዩኝ። መወልወያው ወደ ፊት አይገፋም። ወደ ኋላ እየሄዱ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ያዞሩታል፤ አለዚያ የራስን የእግር አሻራ ሲጠርጉ መዋል ነው።

ሻወሩ የራሱ ሥርዓት ነበረው። አንድ እንግዳ ከወጣ በኋላ ለቀጣዩ የሚዘጋጀው በአሥር ደቂቃ ነው። ፀጉር ከውሃ መውረጃው ይለቀማል፣ መስታወቱ በላስቲክ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል፣ ትልቅ ፎጣ፣ ትንሽ ፎጣ፣ የእግር ምንጣፍ ይቀየራል። መጨረሻ ላይ በር ላይ ቆሞ መሽተት ነው። "ዓይንሽን አትመኚው፣ አፍንጫሽን እመኚ" ይሉኝ ነበር እትዬ ሮማን።

ደንቦቹ ሦስት ነበሩ። ጽዳት ምግብ አይነካም። ጽዳት ከእንግዳ ጋር ወሬ አይጀምርም፤ ከተጠየቀ ወደ አስተናጋጅ ወይም ወደ ሪሴፕሽን ያሳያል። ጽዳት ያለ ሱፐርቫይዘር ፈቃድ ወለሉን ለቆ አይወጣም።

ሌሎቹ ልጆች በሁለተኛው ደንብ ያጉረመርሙ ነበር። እኔን ግን ደስ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ ተነሺና አንብቢ ሲሉኝ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ አይወጣም ነበር። ትምህርቴን ከዚያ በላይ አልገፋሁም፤ እናቴ ታማ ቤት መዋል ነበረብኝ። ስለዚህ ዝም በዪ የሚል ሥራ ሳገኝ የተሠራልኝ መሰለኝ።

ሪሴፕሽኑ ባንኮኒ ላይ በወርቃማ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበት የመስታወት ሰሌዳ ቆሞ ነበር። እንግዶች ፓስፖርታቸውን ሲያቀብሉ ስለሚደገፉበት የጣት አሻራ ቶሎ ይይዛል። በቀን ሦስት ጊዜ እወለውለው ነበር። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ተገጣጥመው ምን እንደሚሉ ግን ማንንም ጠይቄ አላውቅም። እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም የሚያምር ሰሌዳ ስለሆነ ከሁሉ አብልጬ እወደው ነበር።

ቤታችን ኮልፌ ቀራንዮ ነው፤ ከአየር ጤና ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ሥራ ማግኘቴ በሰፈሩ ሲሰማ ሰው ሁሉ ስለ ላውንጅ ይጠይቀኝ ጀመር። "እውነት ሶፋው ይተኛበታል?" "እውነት የፈለጉትን ያህል ቢበሉ ማንም አይናገርም?" ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ ግን አንድ ነበር፦ ያዋጣል ወይ?

እኔ እዚያ ያየሁትን ነበር የምመልሰው። በየሳምንቱ የሚመጣ አንድ ነጋዴ ነበር፤ ይታጠባል፣ ሸሚዝ ይቀይራል፣ ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል። ለእሱ ያዋጣዋል። አንድ ወጣት ደግሞ ለአርባ ደቂቃ ከፍሎ ገብቶ፣ ሠላሳውን ደቂቃ ሳህኑን ፎቶ ሲያነሳ ፈጅቶ፣ ሰዓቱን ሲያይ ጁሱን ቆሞ ጨልጦ ሮጠ። ለእሱ አያዋጣም። ከዚህ ያለፈ አላውቅም ነበር። ግን የሚያውቅ ሰው ተደርጌ መታየቱ ደስ ይለኝ ነበር። ለአፋር ሰው በሰፈር መሐል ተፈልጎ መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው።

ከእኛ ቤት ቀጥሎ ጋሽ ደሳለኝ ይኖራሉ። አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ናቸው፤ ተጋጭቶ የተጨማደደ የመኪና አካል በመዶሻ ያቃናሉ። አንድ ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ ከቧንቧው ውሃ ስቀዳ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ምንቴ፣ ምክር ፈልጌ ነው" አሉኝ።

ምክር ከእኔ! ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈሳል፣ እኔ አላየሁትም።

እናታቸው እማማ አስካለ ሳንሱሲ ነው የሚኖሩት። በበዓል እየመጡ ስለማውቃቸው ይወዱኛል። የጋሽ ደሳለኝ እህት ወይንሸት ዱባይ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ባሏ መርከብ ላይ ስለሚሠራ ባሕር ላይ ነው። ቤቷ ውስጥ ውሃ የሚያቀብላት እንኳ የለም። እማማ አስካለ ልጃቸውን ሊያርሱ መሄዳቸው ነው። አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም፣ ዓይናቸው ከሩቅ አያይም፣ የእንግሊዝኛ ፊደልም አያውቁም።

"እናቴ ብቻዋን ናት የምትሄደው" አሉኝ ጋሽ ደሳለኝ። "እኔ ከመግቢያው በር ወዲያ አልገባም። መንገዱ ይዘጋጋል ብዬ በጠዋት ነው የማደርሳት፣ ብዙ ሰዓት ትጠብቃለች። ያ የአንቺ ላውንጅ... ብከፍልላት ያዋጣል?"

"ያዋጣል" አልኳቸው።

"ምቹ ነው?"

"ሶፋ ነው። ምግቡም የፈለጉትን ነው። ማንም አይረብሻቸውም።"

"ሰዓቱ ሲደርስስ?"

"ይጠሯቸዋል።"

ይህን ስል አልዋሸሁም። ውጭ አዳራሹ ውስጥ በድምፅ ማጉያ መንገደኛ ሲጠራ በየቀኑ እሰማለሁ። እኛም ጋ እንደዚያው መስሎኝ ነው። ላውንጁ ውስጥ ሰምቼ እንደማላውቅ ልብ አላልኩም፤ ቀኑን ሙሉ የሻወር ውሃ ጆሮዬ ላይ ሲንሿሿ ምኑን እሰማለሁ? ባላውቅ አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

"ተመስገን" አሉ ጋሽ ደሳለኝ። "በቃ እከፍላለሁ።"

የሚሄዱበት ቀን ሐሙስ ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውኛል። ሁለት ሰዓት ላይ በጋሪዬ ስወጣ እማማ አስካለን አየኋቸው። ነጭ ነጠላ፣ አዲስ ጥቁር ጫማ፣ ጭናቸው ላይ ትልቅ የእጅ ቦርሳ። ሄለን፣ የሪሴፕሽን ልጅ፣ ሶፋው ላይ አስቀምጣቸው "እማማ፣ ምግቡ እዚያ ነው፣ የፈለጉትን ያንሱ" ብላ ወደ ሰልፏ ተመለሰች።

አይተውኝ ፊታቸው በራ። አጠገባቸው ያለውን ሶፋ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ፤ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። እኔ አንገቴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሳሁና ጋሪዬን እየገፋሁ አለፍኩ። ደንቡ አለ። ደግሞም ያን ጠዋት ሻወሩ ወረፋ ነበረው፤ ከረጅም በረራ ወርደው ሌላ የሚጠብቁ መንገደኞች ተደርድረዋል።

አራት ሰዓት ላይ ስመለስ እማማ አስካለ እንደተዉኳቸው ናቸው። ቦርሳውን እንዳቀፉ፣ ጀርባቸው ሶፋውን ሳይነካ። ጠረጴዛቸው ላይ ምንም የለም። ሰማያዊውን ጨርቅ አወጣሁና ንጹሑን ጠረጴዛ መወልወል ጀመርኩ።

"እማማ፣ በሉ?" አልኩ ቀና ሳልል።

"ምኑን?"

"ያን ሁሉ ምግብ።"

"አይቼዋለሁ። ሰርግ ነው እንዴ ቤቱ?"

"ታዲያ ለምን አልበሉም?"

"ማን ብዪ አለኝና?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንዱ ሸጋ ልጅ መጥቶ 'እማማ፣ ሻይ ላምጣልዎት?' አለኝ። 'ተወው ልጄ፣ አትቸገር' አልኩት።"

"እሺ?"

"ተወው!"

ሳቄን ለመደበቅ ጨርቁን አፌ ላይ ላደርግ ነበር።

"ተከፍሎበታል እኮ እማማ።"

"ይከፈልበታ! ተከፍሎልኛል ብዬ ከሰው ማዕድ ዘልዬ ልግባ? ምን ትለኛለች ባለቤቲቱ?"

"የቷ ባለቤት?"

"ያቺ በር ላይ የተቀበለችኝ።" ሄለንን ማለታቸው ነበር።

ነገሩ ገባኝ። እኛ ቤት ብሉ ሲባል አይሆንም ይባላል። ሁለተኛ ሲባል ቀለል አድርጎ አይሆንም ይባላል። ሦስተኛ ሲባል ነው እጅ የሚታጠበው። አስተናጋጁ ደግሞ ሌላ ነው የተማረው። አንዴ ጠይቅ፣ አይ ካለህ አትጨቅጭቅ፣ እንግዳ ይቆጣል ተብሏል። እሱም አላጠፋ፣ እሳቸውም አላጠፉ። በሁለቱ መሐል ግን አንዲት አሮጊት ከሌሊት ጀምሮ ባዶ ሆዳቸውን ሁለት ሰዓት ሙሉ ማዕድ እያዩ ተቀምጠዋል።

ሽርጤን አወለቅኩ፣ እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ዳቦ፣ እንቁላል፣ ሙዝና ሻይ አንስቼ አቀረብኩላቸው። ጽዳት ምግብ አይነካም የሚለውን ያን ጊዜ ነው የጣስኩት።

"አይ ልጄ፣ ምን አስቸገረሽ..."

"ይብሉ።"

"በኋላ..."

"በሞቴ እማማ!"

"እሺ፣ ለአንቺ ስል" አሉና እንቁላሉን በሁለት ጉርሻ ጨረሱት። ሻዩን እየጠጡ ቦርሳቸውን ከፈት አድርገው አሳዩኝ። የገንፎ ዱቄት ነው፣ አብሽ ነው፣ ለሕፃን የተሠራች ትንሽ የሱፍ ኮፍያ ነች። "ዛሬ ነገ ትላለች ወይኒዬ። ምጧ ሳይመጣ ልድረስላት እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግ" አሉኝ። ቀጥለውም "መቼ ነው የሚጠሩኝ?" አሉ።

"ገና ነው። ይጠሩዎታል፣ አያስቡ።"

ለሁለተኛ ጊዜ እንደዚያ አልኩ። ወደ ሻወሬም ተመለስኩ።

አምስት ሰዓት ገደማ የመስታወት ሰሌዳውን ልወለውል ወደ ሪሴፕሽን ወጣሁ። የእማማ አስካለ በረራ አምስት ተኩል ነው። ጨርቁን እያንቀሳቀስኩ ሄለንን ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

"ሄሉ፣ የዱባዩን መቼ ነው የሚጠሩት?"

"ማነው የሚጠራው?"

"በድምፅ ማጉያው።"

ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አነሳች። "እዚህ ቤት ጥሪ የለም እኮ ምንቴ። ሰው እንዲያርፍ ተብሎ ነው።" ከዚያ ሳቅ አለች። "በቀን ሦስቴ የምትወለውይው ምን የሚል መስሎሽ ነው?"

"ምን ይላል?"

"'በዚህ ክፍል የበረራ ጥሪ አይደረግም፤ እባክዎ ሰዓትዎን ከስክሪኑ ይከታተሉ።'"

እጄ ከነጨርቁ ሰሌዳው ላይ ቀረ።

"የዱባዩ ምን ይላል አሁን?"

አንገቷን ወደ ስክሪኑ አዞረች። ሳቋ ጠፋ። "የመጨረሻ ጥሪ ላይ ነው።"

እትዬ ሮማን ስብሰባ ገብተዋል። አስተናጋጆቹ ሁለቱም ትሪ ተሸክመዋል። ሄለን ፊት ስድስት ሰው ተሰልፏል። "እኔ ባንኮኒውን ለቅቄ ልሄድ አልችልም" አለች። "አንቺም መውጣት አልተፈቀደልሽም። ሙከራ ላይ ነሽ።"

የስብሰባውን በር አየሁት። ውስጥ ማናጀሩም አሉ። ማንኳኳት ፈራሁ።

"መሳፈሪያው ስንተኛ በር ነው?" አልኳት።

ነገረችኝ። ሮጬ እማማ አስካለ ጋ ደረስኩ።

"ተጠራሁ?" አሉ።

"አዎ እማማ፣ ተጠርተዋል። ቶሎ ይነሱ።"

ቦርሳውን ነጥቄ ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ሦስት እርምጃ ሄደው ቆሙ።

"ሻይ ላምጣ ያለኝን ልጅ ልሰናበተው።"

"እኔ እሰናበትልዎታለሁ!"

"አይ፣ በልቼ እንደ ሌባ ልውጣ?" ወደ ክፍሉ ዞሩና ነጠላቸውን አስተካክለው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። "እግዜር ይስጥልኝ። ቤታችሁ ይሙላ!" አሉ በሙሉ ድምፅ። ያ ጸጥ ያለ ክፍል በሙሉ ከስልኩ ቀና አለ። አንድ ፈረንጅ ግራ ገብቶት እሱም አጎንብሶ መለሰላቸው።

ኮሪደሩ ረጅም ነው። አዲሱ ጫማ እንቢ አለ። "አውልቂልኝ" አሉኝ፤ ተንበርክኬ አወለቅኩላቸውና ጫማውን በአንድ እጄ፣ እሳቸውን በሌላው ይዤ ቀጠልን። ፊታችን የቡድን መንገደኞች መንገዱን ሞልተው በሻንጣ ይንፏቀቃሉ።

"ይቅርታ" አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

"ይቅርታ!" ማንም።

"አሳልፉን! አውሮፕላን ሊያመልጣቸው ነው!"

ያ ድምፅ ከእኔ እንደወጣ ለማመን ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ። መንገዱ ተከፈተ።

መሳፈሪያው በር ጋ ስንደርስ ሠራተኛው ማገጃውን ስቦ እየዘጋ ነበር። ወጣት ነው፣ ዓይኑ የደከመ።

"ተዘግቷል" አለ።

"አውቶቡሱ አልሄደም፣ ይኸው ይታያል" አልኩ በመስታወቱ እያሳየሁ።

"ዝርዝሩ ተላልፏል እህቴ። ስማቸውን ስንት ጊዜ ጠራን።"

"አልሰሙም። እኛ ጋ ጥሪ የለም። ይጠሩዎታል ብዬ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ልጃቸው ልትወልድ ነው፣ ሌላ ማንም የላትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "አንቺ ጽዳት አይደለሽ እንዴ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ጽዳት ነኝ።"

እማማ አስካለ በካልሲያቸው ወደ ፊት ራመድ አሉ።

"አትቆጣት ልጄ። እኔ ነኝ ያዘገየኋት። ስሰናበት ነው።"

"ማንን ነው የሚሰናበቱት እማዬ?"

"ያበሉኝን ነዋ።"

ልጁ ሳቁን ሊይዘው ሞከረ፣ አልያዘለትም። ሬዲዮውን አነሳ። "አንድ መንገደኛ ደርሳለች፣ አውቶቡሱን ያዙልኝ" አለ። እኔ ዓይኔን ከአውቶቡሱ አልነቀልኩም። ከዚያ ከወዲያ ማዶ አንድ ድምፅ "ቶሎ በል" አለው። ልጁ የመሳፈሪያ ወረቀታቸውን መሣሪያው ላይ አሳለፈው። እማማ አስካለ በችኮላ ጉንጬን ሳሙኝ፣ ጫማቸውን ከእጄ ተቀብለው ወረዱ። አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ እስኪሄድ ቆሜ አየሁ።

ወለሉን ለቅቄ የቆየሁት ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ስመለስ ሻወር በር ላይ እትዬ ሮማን ቆመዋል። እርጥብ ወለልና ያልተቀየረ ፎጣ ያገኘ እንግዳ አቤት ብሏል።

ቢሯቸው ወስደው አስቀመጡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የቧንቧውን ወሬ፣ እንቁላሉን፣ ሰሌዳውን፣ በሩን።

"ለምን መጥተሽ አላንኳኳሽም?" አሉኝ።

"ስብሰባ ላይ ስለነበሩ... ፈራሁ።"

"በር ማንኳኳት ፈርተሽ አዳራሽ ሙሉ ሰው ላይ ጮኽሽ?"

"አዎ።"

መሳቢያቸውን ሳቡ። ከዚያ ወረቀት አውጥተው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ምግብ ነክታለች፣ ያለ ፈቃድ ወለል ለቃለች። "ይህ ደንብ ነው፣ ፈርሚ" አሉ። ፈረምኩ። ሥራዬ ያበቃ መስሎኝ ባጄን ከአንገቴ ማውለቅ ጀመርኩ።

"ምን ታደርጊያለሽ? መልሺው" አሉኝ። ሌላ ባዶ ወረቀት ፊቴ አስቀመጡ። "ያ ሰሌዳ በአማርኛ ምን ቢል እማማሽ ይገባቸው ነበር? ጻፊው።"

"እማማ ማንበብ አይችሉም።"

"የሚያነብላቸው ልጅ ይኖራል። ጻፊ።"

የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ከትምህርት ቤት የተረፈኝ እሱ ነው። "እዚህ ስም አይጠራም። ሰዓትዎን እኛን ይጠይቁን" ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ሮማን በፕላስተር ከመስታወቱ ሰሌዳ አጠገብ ለጠፉት። በኋላ ማናጀሩ አሳትመው ቀየሩት፤ ቃሉን ግን አልነኩትም።

በማግስቱ ሺፍት ከመጀመራችን በፊት እትዬ ሮማን ሁላችንንም አቁመው አንድ ነገር ጨመሩ። "ለእማማዎችና ለአባባዎች ሦስት ጊዜ ጠይቁ። የመጀመሪያው አይ፣ አይ አይደለም።" አስተናጋጆቹ ሳቁ። እስከ ዛሬ ግን እንደዚያ ነው የሚሠራው።

የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ ቋሚ የሆንኩበት ደብዳቤ መጣ። ማስጠንቀቂያው ከፋይሌ አልወጣም፤ አሁንም አለ። በምሳ ሰዓት እትዬ ሮማን ስክሪኑ ፊት አቁመው ያስተምሩኝ ጀመር። ይህ መሳፈር ተጀምሯል ማለት ነው፣ ይህ ዘግይቷል፣ ይህ በሩ ተዘግቷል። ስሳሳት ይስቁብኛል፣ ግን ነገም ይመጣሉ። ማንም ሰው ከዚያ በፊት ከምሳ ሰዓቱ ቆርሶ እኔን ለማስተማር ተቀምጦ አያውቅም። ሄለንም ፈቃድ አውጥታልኝ ሽማግሌ እንግዶች ጋ እየዞርኩ ሰዓታቸውን መንገር የእኔ ሥራ ሆነ። ጨርቄን እንደያዝኩ ነው የምዞረው። ዛሬ አራተኛ ዓመቴ ነው፤ ለሁለቱም ያለኝን ምስጋና ፊት ለፊት መናገር እስካሁን አልቻልኩምና እዚህ ጽፌዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አለፍኩ። ያን ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አየር ጤና ከታክሲ ስወርድ ጋሽ ደሳለኝ ከጋራዡ ውስጥ አዩኝና መዶሻቸውን ይዘው ወጡ።

"ምንቴ! አዋጣ! ደርሳለች፣ ደወለች! እንደ ንግሥት አበሉኝ፣ እስከ በሩ ሸኙኝ አለችኝ። ያዋጣል ብለሽኝ ነበር፣ አዋጣ!"

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። እማማ አስካለ በእኔ ላይ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

"አላዋጣም ጋሽ ደሳለኝ" አልኳቸው። "ይጠሯቸዋል ያልኩዎት ውሸት ነው። እዚያ አይጠራም። ለጥቂት ነው ያላመለጣቸው።"

መዶሻውን በር ላይ የቆመ መኪና ኮፈን ላይ አስቀመጡ። "እና ለምን እንደዚያ አልሽኝ?"

"አላውቅም ማለት አሳፍሮኝ ነው።"

እጃቸውን በቱታቸው ጠረጉ። ሚኒባሶቹ ይጣራሉ፣ ረዳቶቹ ይጮኻሉ። በመጨረሻ "እኔም ጥፋት አለብኝ" አሉ። "ለሶፋው አይደለም የከፈልኩት። አንቺ እዚያ አለሽ ብዬ ነው። እሱን ግን አልነገርኩሽም። ብነግርሽ እኮ ጠይቀሽ ትነግሪኝ ነበር።"

"እጠይቅ ነበር" አልኩ።

"በቃ፣ ደርሳለች። ግቢ፣ ደክሞሻል።"

ወይንሸት በሦስተኛው ቀን ሴት ልጅ ተገላገለች። ምጡ ረጅም ነበር አሉ። እናቷ እጇን ይዘዋት ነበር።

አሁንም ላውንጅ ያዋጣል ወይ ይሉኛል። መልስ ከመስጠቴ በፊት እጠይቃለሁ። ስንት ሰዓት ነው የሚጠብቁት? የሚቀመጠው ማነው? ስክሪን ያነባል? ለአንድ ሰዓት ከሆነ አያዋጣም፤ ውጭ ተቀመጡ። ከረጅም በረራ ወርዶ ሌላ ለሚሳፈር፣ መታጠብና ጋደም ማለት ለሚፈልግ ያዋጣል። ብቻዋን ለምትሄድ እናት ግን መጀመሪያ ቲኬቱ ሲቆረጥ እስከ መሳፈሪያው በር የሚያደርሳት ሰው አየር መንገዱን ጠይቁ። ላውንጁ ከዚያ በኋላ ነው። እኔም የማላውቀውን ሲጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ፣ ጠይቄም እመልሳለሁ።